ስለ መክፈቻና ጓጉንቸር ምሳሌ የቀረበ ትችት

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ኤንዛይም ሲያስረዱን በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሥዕሎች በጠመኔ ይስሉልን ነበር። አንደኛው ጎኑ የተሸረፈ ክብ፤ ሁለተኛው በሽራፊው ልክ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን። «ይህ ጓጉንቸር ነው፥ ያ ደግሞ መክፈቻው» ይሉና ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። ኮሌጅ ከገባሁም በኋላ ይኸው ሥዕል ተከትሎኝ መጣ። በፈተና ወረቀት ላይ «መክፈቻና ጓጉንቸር» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን ምሳሌው የሚያስረዳውንና የሚሸፍነውን ለይተን ማየት ይገባናል በማለት ይህን ትችት አቀርባለሁ። (በአማርኛችን «ቁልፍ» የሚለው ቃል መዝጊያውንም መክፈቻውንም ስለሚጠራ፥ ምሳሌው ገና ሲተረጎም ጀምሮ ያስቸግራል።)

ምሳሌውን ያመጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር ሲሆን ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1894 ነበር። ፊሸር ሁለት የስኳር ውሁዶችን ወሰደ፤ የሚለያዩትም በአቶሞቻቸው አቀማመጥ ብቻ ነበር። ከእርሾ የወጣው ኤንዛይም አንዱን ሰንጥቆ ሌላውን ሳይነካ ተወው፤ ከአልሞንድ ፍሬ የተገኘው ደግሞ ተቃራኒውን ሠራ። ስለዚህ ኤንዛይሙና የሚሠራበት ነገር እንደ ጓጉንቸርና እንደ መክፈቻ መግጠም አለባቸው አለ። በዚያን ዘመን የፕሮቲንን ቅርጽ ያየ ሰው አልነበረምና ይህ ታላቅ አስተዋይነት ነው፤ ፊሸርን የምነቅፍበት ቃል የለኝም። እርሱ የጠየቀው «ማን ይገባል?» ብሎ ነበር፤ ለዚያም መለሰ። ጥፋቱ የኛ ነው፤ «ከገባ በኋላስ ምን ይሆናል?» ለሚለውም ያንኑ መልስ እንሰጣለንና። ዳንኤል ኮሽላንድ በ1958 ኤንዛይሙ ራሱ እንደ ጓንት ቅርጹን እንደሚያስተካክል አስረድቷል፤ ጓንቱም ቢሆን ግን ዋናው ነገር መግጠም ነው ያሰኛል።

ምሳሌው የሚሰናከልበትን ቦታ ለማሳየት ከባክቴሪያ ኤንዛይሞች ሁለቱን ልውሰድ።

ባክቴሪያ የውስጡ ግፊት እንዳያፈነዳው ጠንካራ ግድግዳ አለው። ግድግዳውን ከሚሠሩት ኤንዛይሞች አንዳንዶቹ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶችን እርስ በርስ ያያይዛሉ፤ እነዚህን ግንበኞች ብለን እንጥራቸው። ግንበኛው ሴሪን በሚባለው አሚኖ አሲዱ የአንዱን ሰንሰለት ጫፍ ይይዝና ለጎረቤቱ ሰንሰለት ያቀብላል። ቲፐርና ስትሮሚንጀር በ1965 እንዳመለከቱት ፔኒሲሊን ይህን የሰንሰለት ጫፍ ይመስላል። ግንበኛው ተታሎ ይይዘዋል፤ አራት ማዕዘኑ የፔኒሲሊን ቀለበትም ይከፈታል፤ ነገር ግን የተያዘው ነገር ለሰዓታት ከሴሪኑ ላይ አይላቀቅም። ግንባታው ይቆማል፥ ባክቴሪያውም ይሞታል።

ሁለተኛው ፔኒሲሊኔዝ ነው። ኤድዋርድ ኤብርሃምና ኤርንስት ቼይን ይህን ኤንዛይም በኮሊ ባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን የገለጹት በ1940 ነው፤ በኦክስፎርድ ፔኒሲሊን ለመጀመሪያው ሕመምተኛ በመርፌ የተሰጠው ግን በ1941 ነው። መድኃኒቱ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አፍራሹ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ፔኒሲሊኔዝም ብዙውን ጊዜ ፔኒሲሊንን የሚይዘው በሴሪን ነው፤ ቀለበቱንም የሚከፍተው በዚያው መንገድ ነው። በ1980ዎቹ በኤክስሬይ ሲመረመሩ የሁለቱ ኤንዛይሞች አጣጣፍ እንደ ዘመዳሞች ተመሳስሎ ተገኘ። እንግዲህ አንድ መክፈቻ ለሁለት ጓጉንቸር ገጠመ። በሰሌዳው ሥዕል መሠረት ሁለቱም አንድ ዕድል ሊገጥማቸው ይገባ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ግንበኛው ለሰዓታት ታንቆ ሲቀር፥ ቴም አንድ የሚባለው ፔኒሲሊኔዝ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከሺህ በላይ የፔኒሲሊን ሞለኪዩሎችን ሰንጥቆ ይጥላል።

ልዩነቱ ያለው በውሃ ላይ ነው። በቴም አንድ ውስጥ በሊቃውንቱ አቆጣጠር 166ኛ የሆነ ግሉታሚክ አሲድ አለ። ይህ አሚኖ አሲድ አንዲት የውሃ ሞለኪዩል በተገቢው ቦታ ይዞ፥ ፔኒሲሊኑን ከሴሪኑ ጋር ያጣበቀውን ማያያዣ እንድትበጥስ ያደርጋታል። በ1992 ናታሊ ስትሪናድካና ባልደረቦቿ ይህ አንድ አሚኖ አሲድ በአስፓራጂን የተተካበትን ኤንዛይም በኤክስሬይ ቢመረምሩ ፔኒሲሊኑን ከሴሪኑ ጋር እንደ ተጣበቀ አገኙት። ጓጉንቸሩ በቅርጹ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ መክፈቻውም ያው ነው፤ ፈጣኑ አፍራሽ ግን እንደ ግንበኛው ታንቆ ቀረ። ይህን የትኛው የሰሌዳ ሥዕል ያስረዳዋል?

ምሳሌው ከንቱ ነው አልልም። ሴፎታክሲምን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ጎናቸው ሰፊ ስለሆነ ለቀድሞዎቹ ፔኒሲሊኔዞች አልመች ብለው ነበር፤ ይህም የመግጠም ነገር ነው። በ1983 በጀርመን አገር እነዚህን መድኃኒቶች የሚያፈርስ ኤንዛይም መገኘቱ ተገለጠ፤ ከቀድሞው የሚለየው በ238ኛው ቦታ ግላይሲን በሴሪን መተካቱ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ለውጥ የሥራውን ቦታ ያሰፋዋል። ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ሥዕሉ የማይነግረን ነገር አለ። በቴም አንድ ላይ ይኸው ለውጥ ሲደረግ ፕሮቲኑ ጥንካሬውን ያጣል፤ ጥንካሬውን የሚመልስለት ደግሞ ከሥራው ቦታ ራቅ ብሎ በ182ኛው ላይ የሚሆን ሌላ ለውጥ ነው። ጓጉንቸር ከብረት የተሠራ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ክላቩላኒክ አሲድን ላንሣ። ይህ ውሁድ በራሱ ባክቴሪያን የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው፤ ከአሞክሲሲሊን ጋር ተደባልቆ ሲሰጥ ግን ይጠቅማል። «ገጠመ፥ ስለዚህ ይፈርሳል» ብሎ የተማረ ተማሪ ምክንያቱን ሊያገኘው አይችልም፤ ፔኒሲሊኔዙ ክላቩላኒክ አሲድንም ይይዛል፥ ቀለበቱንም ይከፍታልና። ከተከፈተ በኋላ ግን ውሃዋ ሳታላቅቀው ቅርጹን ይለውጥና ኤንዛይሙን አንቆ ይይዘዋል። አሞክሲሲሊኑም በዚህ መካከል አልፎ ግንበኛው ዘንድ ይደርሳል።