መጀመሪያ ጥርሱን እዩት

አንዲት እናት ደውላ «ልጄ ድንገት መማታት ጀመረ» ስትለኝ ስለ ጠባዩ ሳይሆን ስለ ጥርሱ ነው የምጠይቃት። ቀጥዬ ጆሮውን፣ ሽንት ቤት ከተቀመጠ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ይከፋታል። «ሚስ፣ እኔ እኮ የምልሽ እህቱን እየነከሳት ነው!» ትለኛለች። ገብቶኛል። ግን ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ በተለይ አፉን ያልፈታ ከሆነ፣ «አመመኝ» ብሎ አይመጣም። አፉን የፈታውም ቢሆን የሚያመውን ቦታ ለይቶ መናገር ሊያቅተው ይችላል። ሰው ነክቶ የማያውቅ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተናካሽ ሲሆን እኔ ሥራዬን የምጀምረው ሰውነቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ ብዬ ነው።

ምልክቱ አይጠፋም፤ የሚያየው ሰው ነው የሚጠፋው። ቆሎ ይወድ የነበረው ቆሎ ይተዋል። በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝካል። መንጋጋውን በመዳፉ ይጫናል፣ ወይም ጭንቅላቱን ሁልጊዜ በዚያው ወገን ከግድግዳ ያጋጫል። ከሁሉ የተናቀው ግን የሆድ ድርቀት ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚበሉት ነገር የተቆጠረ ነው፤ ፓስታ ብቻ፣ ነጭ ዳቦ ብቻ፣ ሩዝ ብቻ። እንዲህ የሚበላ ልጅ ሆዱ ደርቆ ቀናት ሲቆጥር ማታ ማታ ሰው ቢቧጭር ምን ይገርማል? የሚጥል በሽታም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይበልጥ ይታያል። ካንቀጠቀጠው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋብቶ ያገኘውን የሚማታ ልጅ አለ፤ መንቀጥቀጡን ያላየችው እናት የምታየው ቡጢውን ብቻ ነው።

ችግሩ ክሊኒክ ሲደርሱም «ኦቲዝም ስላለበት ነው፣ እንዲህ ያደርጋቸዋል» የሚል መልስ ሊያገኙ መቻላቸው ነው። ስለዚህ እናቶችን የምመክረው ለሐኪሙ «ይማታል» ከማለታቸው በፊት «ምግብ ማኘክ ትቷል፣ እንቅልፉ ከተዛባ ሳምንት ሆኖታል» እንዲሉ ነው። አፉ ውስጥ እንዲታይ፣ ጆሮው በመብራት እንዲመረመር በግልጽ ይጠይቁ። ልጁ ስለማያስነካ ምርመራው ከታለፈ ሌላ ቀን፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ይመለሱ።

ከዚያ ወደ መድኃኒቱ እሄዳለሁ፤ ልጁ የሚወስድ ከሆነ ማለቴ ነው። ኦቲዝምንና ኤዲኤችዲን (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግርን) ለአንድ ልጅ በአንድነት መመርመር የተፈቀደው ቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ ሁለቱ አብረው እንዲጻፉ አይፈቅድም ነበር። ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ደግሞ ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ ሁልጊዜ የሚጠበቀውን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ72 ልጆች መሻሻል የታየባቸው 49 በመቶዎቹ ናቸው። 18 በመቶዎቹ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት መድኃኒቱን ያቋረጡ ሲሆን፣ ከጉዳቶቹ ዋነኛው ብስጭት ነበር። በዚያ ላይ አጭር ጊዜ የሚሠራው ክኒን ጠዋት 2 ሰዓት ከተዋጠ እኩለ ቀን ገደማ ኃይሉ ያልቅና አንዳንዱን ልጅ ከበፊቱ የባሰ ያስቆጣዋል። ያ ሰዓት ትምህርት ቤት ውስጥ የምሳ ሰዓት ነው፤ የምሳ ዕቃ ይንኳኳል፣ ሁሉም ይጮኻል። መምህሯ «ምሳ ላይ ይማታል» ስትል ጩኸቱ ነው ወይስ የመድኃኒቱ ማለቅ? ክኒኑ የተዋጠበትና ዱላው የተሰነዘረበት ሰዓት ተጽፎ ካልመጣ ሐኪሙም ሊለየው አይችልም። ሪስፔሪዶን የታዘዘለት ከሆነ የምግብ ፍላጎቱና ክብደቱ እንዴት እንደሚጨምር ይከታተሉ። ጸበል የሚወስዱትንም «አትሂዱ» ብዬ አላውቅም፤ የምለምነው መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙት ነው።

ሰውነቱ ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ፣ የሚቀረው ጥያቄ ልጁ በዱላው ምን ያገኛል የሚለው ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር፣ ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም ያለበት አንድ የ10 ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። እናቱ ደብተሯ ላይ «ምንም ሳይሆን መታኝ» እያለች ትጽፍ ነበር። ከዱላው በፊት ቤቱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ፣ ተራ ቢመስላትም፣ እንድትጽፍ ጠየቅኋት። ነገሩ ያኔ ተገለጠ። መብራት ይጠፋል፣ ዋይፋይ ይቋረጣል፣ የሚያየው ቪዲዮ መሃል ላይ ይቆማል። ልጁ ይማታል። እናቱ የምትይዘው ሲጠፋት የራሷን ስልክ፣ ዳታውን ከፍታ ትሰጠዋለች። ከልጁ በኩል ካየነው ትምህርቱ የጠራ ነው፤ ስልክ የሚመጣው እናትን ሲመቱ ነው። ኤዲኤችዲው ደግሞ መጠበቅን ነጥቆታል። «ትንሽ ቆይ» ለእሱ ማለቂያ የሌለው ነገር ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አስተማርነው። አንደኛ፣ የስልክ ሥዕል ያለበትን ካርድ አንስቶ ለእናቱ መስጠት፤ መጀመሪያ መብራት ባለበት፣ ደስ ባለው ሰዓት። ሁለተኛ፣ መጠበቅን፤ ስልኩ ላይ ቀለሙ እያነሰ በሚሄድ ሰዓት መቁጠሪያ፣ ከጥቂት ሰከንድ ጀምሮ። ቪዲዮዎቹንም አስቀድማ እንድታወርድ ነገርናት። ይህ የመጨረሻው ሙያ አይጠይቅም፤ የሠራው ግን እንደሌሎቹ ነው።

ያው ካርድ በሌላ ምክንያት ለሚማታ ልጅ ቢሰጥ ዋጋ የለውም። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ሥራ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከአራት ልጆች ጋር ሠርተው፣ የሚረብሹት ከፊሎቹ ሥራው ሲከብዳቸው፣ ከፊሎቹ ደግሞ የሰው ትኩረት ሲያጡ መሆኑን ለዩ። ከዚያ ሥራ የከበደውን «አልገባኝም» ማለትን፣ ትኩረት የፈለገውን «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ብሎ መጠየቅን አስተማሩ። ሁከቱ የቀነሰው ንግግሩ ከምክንያቱ ጋር ሲገጥም ብቻ ነበር። ከቤት ሥራ ለማምለጥ የሚማታ ልጅ የሚያስፈልገው «እረፍት» የሚልበት ምልክት እንጂ ስልክ አይደለም። ጎረቤት የመከረችው ዘዴ ለልጇ ሠርቶ ለእናንተ የማይሠራበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ዱላው ከተነሳ በኋላ ግን የሚያስተምር ሰው ይሳሳታል። በዚያች ሰዓት ልጁ ጆሮው ቃል አይቀበልም። እኛ ግን የምናበዛው ቃል ነው፤ እናት «ተው!» አባት «እረፍ ብዬሃለሁ!» አያት «በስመ አብ!» ሠራተኛዋም ከማድ ቤት ትጨምራለች። እኔ የማዘው አንድ ሰው ብቻ እንዲናገር ነው፤ እሱም ሁለት ቃል፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እዚህ ነኝ» ብሎ ዝም። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ሌላው ሰው ይውጣ። ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ከክንዱ ርቀት ውጭ በጎኑ ሁኑ። በሩን አትዝጉበት፤ መውጫ ያጣ ልጅ በእናንተ በኩል ነው የሚወጣው። ዓይኔን እይ አትበሉት።

ዕቃውም ቀድሞ ይታሰብበት። ቡና በሚፈላበት ቤት ከሰሉና ጀበናው ወለል ላይ፣ ልጁ በሚሮጥበት መንገድ ነው የሚቀመጠው። ወደ ጥግ ይሂድ፣ ወይም ቡናው ልጁ በሌለበት ሰዓት ይፈላ። የሰገነቱ በር ይቆለፍ። እኔ ወደ ሥራ ስገባ ማተቤን ልብሴ ውስጥ እከታለሁ፣ ጉትቻ አላደርግም፣ ጸጉሬን ሹሩባ ተሠርቼ በሻሽ አስረዋለሁ። ጸጉር ከተያዘ መጎተት ያስነቅላል፤ የልጁን እጅ በእጃችሁ አድርጋችሁ ወደ ራስ ቅላችሁ ተጫኑት፣ ጎንበስ ብላችሁም ተከተሉት፤ መጎተቻ ሲያጣ ጣቱ ይላላል። ሲነክስም ክንድን መንጭቆ ማውጣት ሥጋ ይቀድዳል፤ በቀስታ ወደ አፉ ገፋ ስታደርጉት መንጋጋው ይከፈታል።

ጎረቤት ተጠርቶ ልጁን በደረቱ ወለል ላይ አስተኝቶ ከላይ መጫን ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። እንዲህ ተይዘው ትንፋሽ አጥረው የሞቱ ልጆች አሉ። ማሰርም መፍትሔ ሆኖ የቆየባቸው ቤቶች ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ከታገሉት ነገር አንዱ ልጆችን ከሰው ዓይን መደበቅ ነበር።

ብዙ የሥልጠና ጽሑፍ «የሚፈልገውን አትስጡት፣ ችላ በሉት፣ ይተወዋል» ይላል። እውነት አለው፤ ግን ከመተዉ በፊት የሚብስበት ጊዜ እንዳለም ያው ሙያ ያውቃል። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች በር እያንኳኩ፣ አከራይ «ልቀቁ» እያለ፣ ያቺ እናት መባሱን ጠብቃ የምትጨርሰው አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን ከሰጠችው ደግሞ የተማረው ጠንክሮ መምታትን ነው። እኔ የምመርጠው ቀድሞ መስጠትን ነው፤ ጣቱን መንከስ ሲጀምር፣ ከክፍል ክፍል ሲመላለስ፣ ከዱላው በፊት ካርዱን አሳይቶ፣ አስጠይቆ መስጠት። «ታሞላቅቂዋለሽ» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እነሱ የሚሠሩት በማዕከል ውስጥ ነው።

ነገሩ ካለፈ በኋላ «ይቅርታ በላት» ብሎ ማስገደድ፣ ወዲያው ወደ ቤት ሥራው መመለስ ሁለተኛውን ዱላ ይጠራል። የተረጋጋ ሲመስል እንኳ ሰውነቱ ገና አልበረደም። ውሃ ስጡት፣ ተዉት። ንክሻው ቆዳ ከቀደደ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ደህና አድርጋችሁ ታጠቡና ክሊኒክ ሂዱ፤ የሰው ንክሻ ያመረቅዛል።

እህቱ ደግሞ አለች። ብዙ ቤት ታላቋ ልጅ ሳትጠየቅ ዘበኛ ትሆናለች፤ እሱን ትይዛለች፣ በር ትዘጋለች፣ ጥናቷን ትታ ትጠብቃለች። ከወላጆች ጋር ዕቅድ ስናወጣ የእሷን ድርሻ አንድ ነገር ብቻ አደርገዋለሁ፤ ጩኸት ስትሰማ ጫማዋን አድርጋ እታች ካለችው ጎረቤት ቤት መሄድ። ጎረቤቷም አስቀድሞ ይነገራታል፣ ማታም ቢሆን በሯን እንድትከፍትላት።