«ያለ ምክንያት»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ የማልታገሠው መልስ ነበር። አንድ ገጸ ባሕርይ ያን ነገር ለምን እንዳደረገ ስጠይቅ «እንዲያው ጠባዩ ነው፣ መምህር» የሚለኝ ተማሪ ካጋጠመኝ ያ ክፍለ ጊዜ አለቀለት። «ጠባዩ ነው ማለት አላነበብኩም ማለት ነው!» እላለሁ። ሰው ያለ ምክንያት አይጮኽም፤ ያለ ምክንያት ሳህን አይሰብርም። ምክንያቱ ካልታየህ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ ተመለስ። ይህን እያልኩ ዓመታት አስተማርኩ፤ ደመወዝም በላሁበት።

ዛሬ የምተቸው ግን ልብ ወለድ አይደለም። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ጸሐፊዋ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእኔ ሥር ያለው ቤት የምትኖር እናት ናት። ስሟን አልጠራም፤ ነገሩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። ልጇ 11 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ በቃላት አይናገርም። ሲጨንቀው ይጮኻል፣ ክንዱን ይነክሳል፣ ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጫል። ሊይዘው የቀረበውንም ይማታል።

የሕንፃው ነዋሪዎች በልጁ ላይ የየራሳችን ፍርድ ነበረን። አንዱ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የምትለዋን ተረት ይመዛል። ሌላዋ ጠበል ትጠቁማለች። ጩኸቱ የሚበረታው ማክሰኞና ዓርብ ማታ መሆኑን ያስተዋሉ አንዲት እናት ደግሞ «ቀን ለይቶ የሚመጣ ነገር ምን እንደሆነ ይታወቃል» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔስ? እኔ የተማርኩት ሰውዬ ሁለት ጊዜ በነጠላ ጫማ ወርጄ በሯን አንኳኳሁ። «እባክሽ እህቴ፣ ሰው የሚያርፍበት ሰዓት ነው» አልኳት። በትሕትና ነው ያልኩት። ትሕትናዬ ከስድብ ብዙም የማይሻል መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

ሦስተኛ ስወርድ አልተከራከረችኝም። ገባ አለችና ደብተሩን ይዛ ተመለሰች። «ጋሼ፣ እርስዎ የጽሑፍ ሰው ነዎት ይላሉ። እስቲ ይህን ያንብቡልኝና እኔ ያልታየኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ደብተሩ በማስመሪያ ለሦስት የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ከነገሩ በፊት የሆነው፣ በሁለተኛው ልጁ ያደረገው፣ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ የተከተለው ይጻፋል። አጻጻፉን ያስተማረቻት ልጇን የምትረዳ ባለሙያ ናት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 የዕድገት ችግር ባለባቸው አራት ልጆች ላይ የሠሩትን ጥናት አሳትመው ነበር። ልጆቹ የሚያውኩት ሥራው ሲከብዳቸው ወይም ትኩረት ሲያጡ መሆኑን መጀመሪያ ለዩ። ከዚያ በቅጣት ፈንታ እርዳታ ወይም ትኩረት የሚጠይቁበትን አንድ አጭር አነጋገር አስተማሯቸው። ሁከቱ በእጅጉ ቀነሰ። ከችግራቸው ጋር የማይገጥም አነጋገር በተማሩ ጊዜ ግን ለውጥ አልመጣም። ይህችኛዋ ነጥብ እኔን የመሰለ ሰው ታስደንቃለች። ልጁ ይናገር ዘንድ ማገዝ ብቻውን አይበቃም፤ ሊል የፈለገውን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። እንደ ድርሰት ካየነው አጀማመሩ ደካማ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች «ያለ ምክንያት ጮኸ» የሚል ዐረፍተ ነገር ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬአለሁ። የተማሪዎቼ «ጠባዩ ነው» ማለት ነው። ከአምስተኛው ገጽ በኋላ ግን ጸሐፊዋ ማየት ትጀምራለች። «የጎረቤት ብረት በር ተላተመ።» «በሌላ መንገድ ወደ ሱቅ ወሰድኩት።» «እንግዶች ሁሉም ባንድ ጊዜ አወሩ።» አንድ ቦታ ላይ ለሦስት ቀን ያህል ራሱን በቀኝ በኩል ብቻ ሲመታ እንደዋለ ጽፋለች። በአራተኛው ቀን የሰፈረው «ሐኪም ጋ ሄድን። ቀኝ ጆሮው መግል ይዟል» የሚል ነው። ይህን ሳነብ ደብተሩን አጥፌ ትንሽ ቆየሁ። ጆሮው እየመገለ የሚያመው ልጅ «አመመኝ» የሚልበት ቃል የለውም። እኛ ታዲያ ተረት ስንተርትበት ነበር።

ሦስተኛው ዓምድ የጸሐፊዋ ድፍረት የሚታይበት ነው፤ ራሷን አልማረችበትምና። «ዝም እንዲል ብስኩት ሰጠሁት።» «ስልኬን ሰጠሁት።» ይህ በተደጋገመ ቁጥር ጩኸቱ ሲረዝም በመጀመሪያ ሳታስተውል፣ ኋላ ግን እያወቀች ትመዘግባለች። ብስኩቱ ለምን ተሰጠ? መልሱ እዚያው አለ፤ «የላይኛው ቤት ጋሼ ወርደው አንኳኩ። አፈርኩ። ብስኩት ሰጠሁት።»

የላይኛው ቤት ጋሼ እኔ ነኝ። በሰው ድርሰት ውስጥ ራሴን ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያገኘሁትም የክፉ ገጸ ባሕርይ ቦታ ይዤ ነው።

የባሰው ገና ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ማታ። ውሃ ሲመጣ የመታጠቢያ ቤቴን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ባዶውን የብረት በርሜል እሞላለሁ። የልጁ መኝታ ቤት ከዚያ በርሜል ሥር ነው። እናቱ «ከላይ የሆነ ነገር አጓራ» ብላ ጽፋለች፤ ምን እንደሆነ አላወቀችም። እኔ ግን ሳነበው ወዲያው አወቅሁት። ለእኔ ውሃ መጣ ተመስገን የሚያሰኘኝ ድምፅ፣ ለእሱ ጣሪያው በላዩ ላይ እንደሚወርድ ያለ ነገር ሆኖበት ኖሯል። ድምፅ እጅግ የሚያስጨንቃቸው የኦቲዝም ልጆች ብዙ ናቸው። ቀን ለይቶ የሚመጣው መንፈስ የእኔ በርሜል ነበር ማለት ነው። በርሜሌን ሞልቼ፣ ልጁን አስጩኼ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ጩኸቱ ልከስ እወርዳለሁ!

«ታዲያ እንደ ፈለገ ይጩህ፣ ይማታ ማለትህ ነው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም። መረዳት ማለት እጅ መስጠት አይደለም፤ ብስኩቱ እጅ መስጠት ነበር፤ የተማረበትም እሱ ብቻ ነው፤ «ከጮኽክ ታገኛለህ»። እናትየው አሁን የምትሠራው ሌላ ነው። የተዘጋ ጆሮ የተሳለባት ትንሽ ካርቶን ሠርታለታለች። ጭንቀቱ ሲጀምረው ካርቶኗን ከሰጣት ወዲያው ከድምፁ ታርቀዋለች። ግንባሩን የሚያጋጭበት ግድግዳም ፍራሽ ተደግፎበታል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ግንባሩ መድማት የለበትምና።

የሚገርመኝ ይህን ማስተዋል በመጽሐፍ ውስጥ ማንም አይነፍገንም፣ እኛም አንነፍግም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ጉዱ ካሳን ይወዳል። የአገሩ ሰው «ጉዱ» ብሎ የሰየመው ጠባዩ ስላልገባው ነው። ሐዲስ ግን አጠገቡ አስቀምጠው አስደመጡን፤ እኛም በሰፈሩ ሰው ሳቅን። ደረጃውን ስንወርድ ግን ያ የሰፈር ሰው እኛው ነን።

በእውነተኛው ሕይወት ይህን ማስተዋል ወደ ተቋም የለወጡ ሰዎች አሉን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን የራሳቸውን ልጅ ሲያሳድጉ ያዩትን ይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ቤት ተዘግቶባቸው የሚያድጉ ልጆች በነበሩበት አገር ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። በ2021 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሥራቸው ግን በጥቂት ማዕከላት ትከሻ ላይ እንዲቀር ማድረጋችን የእኛ ዕዳ ነው። መጋቢት 24 ቀን ዓለም አቀፍ የኦቲዝም ቀን ሲከበር «ግንዛቤ» የምትለዋ ቃል በየአዳራሹ ትደጋገማለች። እኔ ቃሏን አልጠላም። ጎረቤቴ የምትፈልገው ግን ግንዛቤ ሳይሆን ልጇን የሚቀበል ክፍል፣ ደብተሩን አብሯት የሚያነብ መምህር፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ልጁን ይዞላት የምትተኛበት ሰው ነው። ደብተሩ ላይ ስለ ራሷ እንቅልፍ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈችም። እንደ ሐያሲ የማነሣው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

እኔ በበኩሌ የፕላስቲክ በርሜል ገዝቻለሁ። ቧንቧው ላይ ጎማ ገጥሜ ጫፉን ከበርሜሉ ሥር አሳርፈዋለሁ፤ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ይሞላል። ከመክፈቴ በፊትም እደውልላታለሁ። በመጀመሪያው ማክሰኞ «ጋሼ ደወሉ። ካርቶኑን ሰጠኝ። ሳሎን ተቀመጥን። አልጮኸም» ብላ ጻፈች። ዓርብ ዕለት ግን፣ ጎማውም ተገጥሞ፣ ስልኩም ተደውሎ፣ ልጁ ግማሽ ሰዓት ጮኸ። በነጋታው ደብተሩን አሳየችኝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ተሞልተዋል። የመጀመሪያው ላይ «ያለ ምክንያት» የሚል የለም። ባዶ ትታዋለች፤ ኋላ ስታገኘው ልትሞላው።