የአሮጌ መኪና ጥገና ቃላት በመርካቶና በእኛ ዝርዝር ውስጥ
(ሂሳዊ አስተያየት)

1. መነሻ

በሙያ ቃላት ዝግጅት ላይ የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ የስያሜ አወጣጥ መርሖችን ይመረምራል እንጂ፣ ቃሉ ከወረቀት ወርዶ በሠራተኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይከታተልም። ይህ ጽሑፍ ያንን ለመከታተል የተሞከረበት ነው። የሚተቸውም ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ የጥገና መመሪያ፣ በተለይም ከመጨረሻው ላይ የተያያዘው የቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ ስለሆንሁ፣ ሂሱ በቅድሚያ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ አንባቢ ከወዲሁ ይረዳልኛል።

የተከተልነው ዘዴ የታወቀ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በግራ ይጻፋል፤ የቀኙ ባዶ ይተዋል፤ ከዚያም ባዶው ከግእዝና ከአማርኛ ሥሮች በተገኘ ስያሜ ይሞላል። ዘዴው በራሱ የሚናቅ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. ብሔራዊ የአማርኛ አካዳሚ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በየዘርፉ ብዙ የተደከመበት ነው። ጉድለቱ ያለው ከመነሻ ግምቱ ላይ ነው፤ ቀኙ ባዶ ነው ብሎ ይነሣል። ከአዘጋጆቹ መካከል ወደ ጋራዥ ሄዶ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ጥያቄውን ለመጠየቅ የተገደድሁት በሌላ ምክንያት ነው። ዝርዝሩ ከታተመ በኋላ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ገዝቼ በትርፍ ጊዜዬ መፍታትና መገጣጠም ጀመርሁ። መኪናው «ሲሪስ ሦስት» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ዓይነት ነው። የእንዲህ ያለ መኪና ዕቃ በአብዛኛው የሚገኘው ከሌላ አሮጌ መኪና ላይ ነውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መርካቶ መውረድ ግድ ሆነብኝ። መለዋወጫ ከሶማሌ ተራ፣ ጎማ ከጎማ ተራ፣ ከሁለቱም የታጣውን ደግሞ ከምናለሽ ተራ የብረት ክምር ውስጥ እፈልግ ጀመር። ያዘጋጀሁት ዝርዝርም በኪሴ ነበር።

2. ባዶ ያልነበረው ዐምድ

መርካቶ ራሱ የውሰት ቃል ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአራዳውን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ሲያዛውሩ ያመጡት «ገበያ» ማለት የሆነ ቃላቸው የቦታ ስም ሆኖ ቀረ። የመኪና ሙያ ቃላት አብዛኞቹም በዚሁ በር ገብተዋል። ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፣ ባትላሜራ፣ ሌላው ቀርቶ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ደጃፍ የሚሰማው ታርጋና ቦሎ ሁሉ የጣሊያንኛ ናቸው። ከእነርሱ ጎን ጋራዥና ሾፌር የፈረንሳይኛ ናቸው፤ ዘግየት ብለው የመጡት ዕቃዎች ደግሞ የእንግሊዝኛ ስም ይዘው ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ አሮጌ መኪና ሲፈታታ የሚሰማው ቃል የታሪክ ድርብርቦሽን ያሳያል፤ የትኛው ዕቃ መቼ እንደመጣ ከስሙ መገመት ይቻላል።

የድምፅ ለውጡም ሥርዓት የለሽ አይደለም። በአማርኛ ነባር ድምፅ ያልሆነው «ቭ» ወደ «ብ» ስለሚዞር «ካቻቪቴ» ካቻቢቴ ሆኗል። «ፓራውርቲ» ውስጥ ከተደጋገሙት ሁለት «ር»ዎች ሁለተኛዋ «ል» ሆና ፓራውልት ተገኝቷል። «ፍሪትሲዮኔ» መጨረሻውን ጥሎ ፍሪሲዮን ሆኗል። «ጎማ» ግን የ«ም»ን መጥበቅ ከነበረበት እንዳለ ጠብቋል። የተማረው ሰው «የተበላሸ ጣሊያንኛ» ሲል የሚያጣጥለው፣ ለሥነ ድምፅ ተመራማሪ የአማርኛን ሕግ የተከተለ ቃል ነው።

ከሁሉም በላይ ያስተዋልሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ስሙ ባዕድ ሲሆን ግሡ አማርኛ ነው። ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ይለቀቃል። ጎማ ይተነፍሳል። ሞተር ይወርዳል፣ ዘይት ይበላል፣ አልነሣም ይላል። ውሃ ያነሰው መኪና ይፈላል። ፍሬን ሲበላሽ ይበጠሳል፤ የዘመኑ ፍሬን በቱቦ በሚሄድ ፈሳሽ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ ንግግሩ ልክ ገመድ እንደሚበጠስ አድርጎ ይገልጸዋል። «ፍሬኑን በጠሰ» የሚለው አነጋገር እንዲያውም ከጋራዥ ወጥቶ፣ ልጓም ለሌለው ሰው የሚነገር ፈሊጥ ሆኗል። የእኛ ዝርዝር ግን ከዳር እስከ ዳር የስሞች ዝርዝር ነው፤ አንድም ግሥ አልመዘገበም። አማርኛ ሙያውን የያዘው በግሡ በኩል ሆኖ ሳለ፣ እኛ የስሙን ባዕድነት ስናይ ቋንቋው ሙያውን አላወቀውም ብለን ደመደምን።

3. የዝርዝሩ ስያሜዎች ሲፈተኑ

ሦስት ስያሜዎችን ብቻ እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው «ማሸጊያ» ነው። በሞተሩና በክዳኑ መካከል የሚገባውን፣ ዘይትና ውሃ እንዳይወጣ የሚያግደውን ስስ ዕቃ፣ ጋራዡ ጓርኒሲዮን የሚለውን፣ እኛ «ማሸጊያ» አልነው። ቃሉ ከ«አሸገ» በደንብ የተገኘ ነው፤ የሥርወ ቃል ጉድለት የለበትም። ሶማሌ ተራ ሄጄ «የላንድሮቨር ማሸጊያ» ብል ግን ባለሱቁ የካርቶን መለጠፊያ ፕላስተር አወጣልኝ። ሰውየው ትክክል ነበር፤ በሕዝብ ዘንድ «ማሸጊያ» ለሌላ ነገር ተይዟል። ስያሜ ሲወጣ ሥሩ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ወንበሩ ባዶ መሆኑም መታየት ነበረበት።

ሁለተኛው ለፍሪሲዮን የሰጠነው «ኀይል አቋራጭ» ነው። ይህ ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሰማው ስለ ሌላ ዕቃ የሚነገር ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ከዕቃው ሥራ ግማሹን ብቻ ይናገራል፤ ፍሪሲዮን ኀይልን የሚያቋርጠውን ያህል መልሶ ያገናኛል፤ የዋለለት ሸራ የሚያልቀውም በሚያገናኝበት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ለፓራውልት የወጣው «ግጭት መከላከያ» ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ግጭትን አይከላከልም፤ ከግጭት የሚደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ። መግለጫና ስያሜ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስያሜ ራሱ መግለጫ ለመሆን ሲጣጣር ይረዝማል፤ ሲረዝም ደግሞ መኪና ሥር ተኝቶ ዕቃ ለሚያቀብል ረዳት በጩኸት የሚነገር አይሆንም።

ይህ ማለት የተፈጠረ ወይም ከነባር ሥር የወጣ ቃል ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። መርካቶ ራሱ ምስክር ነው። «መለዋወጫ» የሚለው ቃል በየሱቁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይነበባል፤ ተወዳዳሪም የለውም። «ነዳጅ» ከ«ነደደ»፣ «በያጅ» ከ«በየደ» በአንድ ዓይነት ሥርዓት ወጥተው ቆመዋል። «መፍቻ» በየመካኒኩ እጅ አለ። «ጠመንጃ መፍቻ» የሚለውም ከካቻቢቴ ጎን እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ቀድሞ የመጣው ዕቃ ጠመንጃ፣ ተከትሎ የመጣው መኪና መሆኑን በስሙ ላይ ያተመ ቃል ነው። እነዚህ ለምን ሰመሩ? ሦስት ጠባይ ይጋራሉ። ከሕያው ግሥ የወጡ ናቸው፤ የሚያስቱት ሌላ ቃል የለም፤ ደግሞም ይወልዳሉ። በየደ ካልን ብየዳ፣ በያጅ፣ መበየጃ፣ ተበየደ እንላለን። ሳልዳቶሬ ግን አንዲት ቃል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አሸናፊው የአገር ልጅ በመሆኑ አላሸነፈም፤ ዘር በማፍራቱ እንጂ።

የዚህ ጉዳይ ክብደት የገባኝ ከአንድ ወጣት ረዳት ጋር ስነጋገር ነው። ልጁ ሞተር አውርዶ ይገጥማል፤ ከድምፁ ብቻ የቱ ኩሽኔታ እንደተበላ ይናገራል። ለሙያ ብቃት ምዘና ሲቀርብ ግን የጽሑፉ ፈተና ላይ ወደቀ። ጥያቄው ከእኛ ዝርዝር ጋር አንድ ዓይነት ስያሜ የያዘ ነበር። «ጋሼ፣ ዕቃውን ቢያሳዩኝ ኖሮ እመልሰው ነበር፤ ስሙን ግን ሰምቼው አላውቅም» አለኝ። ስሙን ያወጣሁት ሰው ፊቱ መቆሜን አልነገርሁትም። ቋንቋን ማበልጸግ ስንል፣ አንድን ባለሙያ በገዛ ቋንቋው መሃይም አድርገን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

4. የጋራዡ ቃል ሲያሳስት

እስካሁን የተባለው ግን ጋራዡ ያለውን ሁሉ እንዳለ እንመዝግብ ወደሚል ድምዳሜ ሊወስደን አይገባም። የሕዝብ ቃል ሁሉ ትክክለኛ ነው ማለት ከመጀመሪያው ስሕተት ያልተናነሰ ስሕተት ነው። ለዚህም የገዛ ጥፋቴን ምሳሌ አደርጋለሁ።

በፍሬን ቱቦ ውስጥ የሚሄደውን ፈሳሽ ሁሉም «የፍሬን ዘይት» ይለዋል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፈሳሹ ጎድሎ ባገኘው፣ «ዘይት አይደለም እንዴ?» ብዬ ለሞተር የያዝሁትን ዘይት ጨመርሁበት። የፍሬን ፈሳሽ በተለመደው ዓይነቱ ከማዕድን ዘይት የሚሠራ አይደለም፤ የማዕድን ዘይት ደግሞ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማገጃዎች ያሳብጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፍሬኑ ይይዝና አልለቅም ይል ጀመር። ቁልቁለት ላይ ባለመሆኔ ተረፍሁ። ሲፈታ ጎሚኒዎቹ ሁሉ አብጠው ተገኙ፤ ቱቦውም ታጥቦ ጎሚኒው በሙሉ መለወጥ ነበረበት። መካኒኩ ይህን ያውቃል፤ ለእርሱ «የፍሬን ዘይት» ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ ስም ናቸው። ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪና ለመመሪያ አንባቢ ግን «ዘይት» የሚለው ቃል እጅን ወደ ተሳሳተው ቆርቆሮ ይመራል። እዚህ ላይ «የፍሬን ፈሳሽ» ብሎ ማረም የቃል አውጪ ግዴታ ነው። የሚያሳዝነው፣ የእኛ ዝርዝር ማንንም የማያሳስተውን ፓራውልትን ሲለውጥ «የፍሬን ዘይት»ን ሳይነካ አልፎታል፤ ሁለቱም ቃል አማርኛ መስሎ ስለታየው።

ጎሚኒም ሌላ ችግር አለበት። ትንሽ የጎማ ዕቃ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ የፍሬኑም፣ የባሌስትራውም። ዕቃውን በእጁ ይዞ ለሚገዛ ሰው ይህ አይጎዳም፤ በጽሑፍ ለሚያዝዝ ግን ያምታታል። ስሙን መጣል ሳያስፈልግ «የፍሬን ጎሚኒ»፣ «የባሌስትራ ጎሚኒ» ብሎ በቅጽል መለየት ይበቃል።

5. ማጠቃለያ

ከዚህ የምደርስበት መርሕ አጭር ነው። የሚሠራ ቃል ይመዝገብ፤ የሚያምታታ ቃል ይለይ፤ የሚያሳስት ቃል ይታረም፤ በእርግጥ ባዶ የሆነው ቦታ ብቻ በአዲስ ስያሜ ይሞላ። ምዝገባውም ስም ብቻ አይሁን። ለምሳሌ «ባሌስትራ» ሲገባ፣ ከጣሊያንኛ መምጣቱ፣ በዚያ ቋንቋ ቃሉ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያም ስም መሆኑ፣ በአማርኛ ተደራራቢ የብረት ሞላ ማለት መሆኑ፣ «ተሰበረ» እና «ተቀጠለ» ከሚሉት ግሦች ጋር መነገሩ፣ ደግሞም ከመኪና ከወረደ በኋላ ለአንጥረኛ የቢላዋና የመጥረቢያ ብረት መጠሪያ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ትርጉሙ መኪናው ሲሞት አይሞትምና።

ይህን ዛሬ የምለው ጊዜው ስለሚያጥር ነው። አሮጌ የመስክ መኪና በመርካቶ ሲበተን ሁሉም ነገር መንገድ አለው። የላንድሮቨሩ የአሉሚኒየም ቅይጥ አካል ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ጎማው በረባሶ ይሆናል፤ የቀረው ብረት ምናለሽ ተራ ይወርዳል። የቦታው ስም ራሱ «ምን አለሽ?» ከሚለው የገዢ ጥያቄ የተገኘ ነው። ቃሉ ግን ገዢ የለውም። ለእሳቱ ብልጭታ የሚያገለግለው ፑንቲና በዘመናዊ መኪና ውስጥ ቦታ የለውም፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ ካንዴላም ማርሚታም ሳይሰሙ የሚያድጉ ረዳቶች መምጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ለኤሌክትሪክ መኪናው ዝርዝር ልናዘጋጅ እንደገና እንሰበሰባለን። ዐምዱን በቀኝ በኩል ባዶ አድርገን ከመነሣታችን በፊት፣ ጋራዡ ቀድሞ የሞላውን እናንብብ።

እኔ ግን ከዚያ በፊት የምከፍለው ዕዳ አለብኝ። የዚያን መመሪያ ዝርዝር ከረዳቱ ጋር ተቀምጠን ቃል በቃል እንደገና እያረምነው ነው፤ እርሱ ዕቃውን ያሳየኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።