«ቀለም አልቋል» ያለው ማነው?

ፕሪንተር የሚናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከሁሉም የሚደጋገመው «ቀለም አልቋል» የሚለው ነው። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ሰዋስዉም እንከን የለውም። ግን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ልብ ወለድ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን «ተራኪው ያለውን ሁሉ አሜን ብላችሁ አትቀበሉ፤ ይህን በማለቱ ማን ይጠቀማል ብላችሁ ጠይቁ» እላቸው ነበር። ምክሩ ለኢንክጄት ፕሪንተርም ይሠራል።

ብዙው ማሽን በካርትሪጁ ውስጥ የቀረውን ቀለም አይለካም። የረጨውን ጠብታ እየቆጠረ ከሙሉው ላይ ይቀንሳል፤ ሒሳቡ ዜሮ ሲመጣለት «አለቀ» ይላል። ጋኑን ሳያይ የቀዳውን ብርጭቆ ብቻ ቆጥሮ «ጠላ አልቋል፣ ውጡልኝ» የሚል አሳላፊ በሉት። በዚህ የተነሳ ካርትሪጁ በመርፌ እስከ አፉ ተሞልቶ ሲመለስ እንኳ «ባዶ ነው» ማለቱን አይተውም። አንዳንዱን አንዲት ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ጫን አድርጎ ማለፍ ይቻላል፤ ሌላው ጭራሽ እንቢ ይላል። ይባስ ብሎ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ለማተም የፈለገን ሰው «ሰማያዊው አልቋል» ብሎ የሚከለክል አለ። ሽሮ ልትሠሩ ስትሉ «ዝንጅብል የለም» ብሎ አልነድም የሚል ምድጃ እንደማለት ነው።

ይህ የቴክኒክ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ንግዱ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ማሽኑን በርካሽ ሽጦ ትርፉን ከቀለሙ መልቀም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ኤችፒ የተባለው ኩባንያ ቀድሞ የሸጣቸው አንዳንድ ፕሪንተሮች በሶፍትዌር አማካይነት የሌላ ድርጅት ካርትሪጅ አንቀበልም እንዲሉ አድርጓል። ሰዉ ሲቆጣ ማገጃውን የሚያነሳ ሌላ ሶፍትዌር አወጣ እንጂ አሠራሩን ጨርሶ አልተወውም። እስቲ አስቡት፤ ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ፣ ቤታችሁ አስገብታችሁ ያስቀመጣችሁት ዕቃ አንድ ጧት የቀድሞ ጌታውን ትእዛዝ ሲፈጽም! በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ ላይ የተለየ ነገር ተናግሯል። ሌክስማርክ ያለቁ የቶነር ካርትሪጆቹን እየሞላ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ አምራቹ በፓተንት መብቱ ተመርኩዞ ገዢውን መከልከል አይችልም አለ። ጉዳዩ የሌዘር ቢሆንም ነገሩ ያው ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ክርክር አዲስ መሆን አልነበረበትም። ቁም ጸሐፊው ጥላሸቱን ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር አዋህዶ፣ ለወራት እያማሰለ ያዘጋጀውን ቀለም የሚያኖረው በቀንድ ውስጥ ነበር። ሲጎድል ይሞላዋል። ቀለም አለቀ ብሎ ቀንዱን የጣለ ጸሐፊ አልሰማንም። እንዲያውም አዋቂን ሰው «የቀለም ቀንድ» የምንለው ዛሬም ድረስ ነው። ታዲያ የዚያ ጸሐፊ የልጅ ልጆች «የተሞላ ካርትሪጅ» ሲባሉ ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ለምንድነው?

አንዱ ምክንያት ንቀት ነው። በየኮፒ ቤቱ ጥግ መርፌ ይዞ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮት የሚውለውን ወጣት «ያው የሰፈር ልጅ ነው» እንለዋለን። ካኖን የኢንክጄቱን አሠራር እንዴት እንዳገኘው ራሱ የሚያወራው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድ ተመራማሪ የጋለ መበየጃ ብረት ሳያስበው ቀለም ከያዘ መርፌ ጋር ያነካካል፤ ቀለሙ ከመርፌው ጫፍ ተፈናጥሮ ይወጣል። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው በመርፌ ነው! የእኛው ልጅም መርፌ መያዙ ሊያስንቀው አይገባም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይገኛል። ለአዲስ ዕቃ ግዥ ቅጽ አለ፣ ፕሮፎርማ አለ፣ ፊርማ አለ። መርፌ ለያዘው ልጅ ግን የሚሞላ ቅጽ የለም፤ የቫት ደረሰኝም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ማስጠገን ከመግዛት ይልቅ አድካሚ ይሆንና በትንሽ ወጪ የሚነሳው ማሽን ንብረት ክፍል ገብቶ አቧራ ይጠጣል። ሄዱን ሲያጸዳ የሚፈሰውን ቀለም የሚመጥ ስፖንጅ ውስጡ አለ፤ ማሽኑ እሱንም በቆጠራ «ሞልቷል» ብሎ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው «ሞተ» ብሎ የሚጥለው ይህን ጊዜ ነው። ጠጋኙ ግን ስፖንጁን ለውጦ ቆጠራውን ሪሴት ያደርገዋል። በአንዲት ፕሪንተር የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እያተመች ኪራይ የምትከፍል ሴት ይህን ታውቃለች። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አያውቅም፤ ከኪሱ ስለማይወጣ።

ይህን ስል ሙሌት ኃጢአት የለበትም ማለቴ አይደለም። ስም የሌለው ጠርሙስ ይዞ «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሞይ አለ። ለሁሉም አይሆንም። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ቀለምና በዱቄት የተሠራው ፒግመንት የተለያዩ ናቸው፤ ፒግመንቱን ለእሱ ባልተሠራ ሄድ ውስጥ መጨመር ቀዳዳዎቹን መድፈን ነው። የሚሟሟው ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ይደበዝዛል። የእድር ስብሰባ ማስታወቂያ ቢደበዝዝ ማንም አይጎዳም። የቤት ሽያጭ ውል ወይም የልጅ የትምህርት ማስረጃ ሲሆን ግን ሌላ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ባዶ ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰነድ በሌዘር ይታተም።

ባለቤቱም የድርሻውን ያበላሻል። ካርትሪጁ ጠብ እስኪል ከጠበቀ በኋላ ወደ ሞይ ይሮጣል፤ በሙቀት የሚሠራው ሄድ ግን የሚበርደው በራሱ ቀለም ስለሆነ በባዶው ሲሠራ ይቃጠላል። ለወር ሳይነካው ይቀመጥና ሲደርቅ «ሙሌቱ አበላሸው» ይላል። በሳምንት አንዲት ባለ ቀለም ገጽ ማተም ይበቃ ነበር። መብራት ሲጠፋማ ሄዱ ወደ መክደኛው ሳይመለስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህ በእኛ አገር ከማንኛውም ሙሌት የበለጠ ገዳይ ነው።

መቼ ይቀየር? ሄዱ ካርትሪጁ ላይ ያለ ከሆነ ካርትሪጁን መቀየር ነው፤ ማሽኑ ምን አደረገ? ሄዱ ከማሽኑ ጋር የተሠራ ከሆነና ተደፍኖ በማጽዳት ካልተከፈተ፣ የሄዱም ዋጋ የአዲስ ማሽን ያህል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጣሉት።

የሚተካው ደግሞ አለ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጠጋኞች ከፕሪንተሩ ጎን ጠርሙስ አስቀምጠው በቀጭን ቱቦ ቀለም ያጠጡት ነበር። ኤፕሰን ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ታንክ ያለውን፣ በጠርሙስ የሚሞላውን ማሽን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው እዚያው ኢንዶኔዥያ ነው። አሁን እዚህም ይሸጣል። ሲገዙት ከካርትሪጁ ማሽን ይወደዳል፤ ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ጨረታ ላይ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ» በሚለው አንቀጽ ይሸነፋል። የቀለሙን የሦስት ዓመት ወጪ የሚጠይቅ አንቀጽ ቢጨመር ግን አሸናፊው ሌላ ይሆን ነበር። ለቤታችሁ የምትገዙም ብትሆኑ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ሄዱ የት ነው? ቀለሙስ በምን ይሞላል?» በሉት። ሻጩ መልሱን ካላወቀ በር ላይ መርፌ ይዞ የተቀመጠውን ልጅ ጥሩት።