ሳንሱርና ያልተጻፈው መጽሐፍ

ስለ አገራችን የሳንሱር ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሱት የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» (1955 ዓ.ም.) እና የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ናቸው። ሁለቱም ከታተሙ በኋላ ታገዱ፤ ስማቸው ግን በእገዳው ይበልጥ ገነነ።

ይህ አቈጣጠር ለሙዱላ አይበቃም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው አማርኛ እስኪለመድ ድረስ ብቻ ነበር። ስለዚህ በሚሲዮን የተማረ የጠምባሮ ልጅ፣ መርማሪ የሚሰርዝበት መጽሐፍ ቀርቶ በአፍ መፍቻው ለመጻፍ የሚያበቃ ትምህርት እንኳ አልተሰጠውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቅድመ ምርመራን ከልክሎ ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል ዕውቅና ሰጥቷል። ይሁን እንጂ የታገደውን ብቻ የሚቈጥር ሐያሲ ያልተጻፈውን ይረሳል። የተማሪው ተግባር እንግዲህ ይህን ከሽማግሌዎች አፍ መሰብሰብ፣ ኋላም በዚያው ቋንቋ ማሳተም ነው።