ስለ ጣና ደሴቶች የተጻፈ መጽሐፍ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሻለቃ ቺዝማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፉት መጽሐፍ ኢትዮጵያ በጠላት በተያዘችበት ዓመት፣ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ታተመ፤ ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው። በአርእስቱ ሥር «በሐበሻ አገር የተደረገ ፍለጋ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። የመጽሐፉ መልካምነትም ጉድለትም በዚህች «ፍለጋ» በምትባል ቃል ላይ ይገኛል።

መልካምነቱ እንዲህ ነው። ለእንግሊዝ መንግሥት ጣና ከሁሉ በፊት የዓባይ ውሃ ምንጭ ነበረ፤ በ1902 ከዐፄ ምኒልክ ጋራ በተደረገውም ውል የውሃው ነገር ተጽፎ ነበር። ቆንስሉ ግን ውሃውን ለክተው ብቻ አልተመለሱም፤ ከደሴት ወደ ደሴት እየተሻገሩ ገዳማቱን በየስማቸው መዘገቡ። ይህን ትዕግሥት ያስተማረቻቸው ታንኳ ሳትሆን አትቀርም። ታንኳ ከደንገል የምትታሰር ናት፤ ሸራ የላትም፤ በዘንግ ትገፋለች፤ ውሃ ስለምትጠጣም ከጉዞ በኋላ በፀሐይ ልትደርቅ ይገባታል። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል በበረታ ጊዜ ተጓዡ በደረሰበት ደሴት ይቆያል እንጂ አያልፍም። የሚቸኩል መንገደኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ባልጻፈም ነበር።

ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው። የሚፈለግ የጠፋ ነገር ነው፤ የጣና ደሴቶች ግን ለማን ጠፍተው ነበር? በአውሮፓ ካርታ ላይ ባዶ የነበረውን ስፍራ ታንኳ ሠሪው የነገደ ወይጦ ሰው በዘንጉ፣ መነኩሴውም በጸሎቱ ያውቁት ነበር። ሌላ ሰው መርቶ ላደረሰው መንገደኛ «አገኘሁ» ከማለት ይልቅ «አደረሱኝ» ማለት ይገባዋል።

ለጎንደር አንባቢ ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። ከተማይቱን የመሠረቱት የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈው በግንባቸው አጠገብ ሳይሆን በዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ በ1706 የተገደሉት ታላቁ ኢያሱም በምጽራሐ ደሴት ተቀበሩ። ስለዚህ ግንቡን አይቶ ሐይቁን ያላየ ሰው የታሪኩን ግማሽ ብቻ አንብቧል። ቺዝማን ፍለጋ ያሉትን የጎንደር ሰው ዘመድ ጥየቃ ቢለው ይሻላል። ከጎርጎራ ወደብ ሲነሣ መጽሐፉን ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ መንገዱን ግን ባለ ታንኳውን ይጠይቅ።