አምባሰል በፒያኖ

የግርማ ይፍራሸዋን «አምባሰል» ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስትወርዱ ስሙት። ዘፋኝ የለም፣ ማሲንቆም የለም፤ ፒያኖ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ላቭ ኤንድ ፒስ» አልበሙ ውስጥ ይገኛል። ግርማ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ፣ ሶፊያ የተማረ ነው።

ዘፈንን ወደ ፒያኖ ማዛወር የቆየ ጥበብ ነው። ፍራንዝ ሊስት ከ50 በላይ የሹበርት ዘፈኖችን እንዲህ አድርጓል። «ሴሬናድ» ላይ ዜማውን ወደ መሃለኛው ድምፅ አውርዶ በአጃቢው ሲከበው፣ ተጫዋቹ ሦስት እጅ ያለው ይመስላል።

ፈተናው ፒያኖ አንዴ ከተመታ ድምፁ ወዲያው መክሰም መጀመሩ ነው። ማሲንቆ ግን አንድ ድምፅ ይዞ ይቆዝማል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። በአምባሰል ቅኝት ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ሆድ የምታባባው ከመነሻው በግማሽ ቶን ብቻ ከፍ የምትለው ሁለተኛዋ ድምፅ ናትና። ማሲንቆ መቺ ጣቱን አንሸራቶ ያስለቅሳታል። ፒያኒስት ያለው መላ ሁለቱን ጎረቤት ቁልፎች ቶሎ ነካ ነካ ማድረግና በፔዳል ማደባለቅ ነው።

የሊስት አድናቂዎች ይቅር ይበሉኝና፣ እሱ አንዳንዴ ኖታ ያበዛል። ግርማን የምወደው ዘፋኝ ትንፋሽ እንደሚወስድ ቆም በሚልባቸው ቦታዎች ነው። በአውቶቡስ ስፒከር ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የጆሮ ማዳመጫ ያዙ።